ጀርመንኛ የማይናገረው የጀርመን ከተማ

ሚኒሶታ የሚኖር ሰው ኒው አልም የምትባለውን ከተማ የሚጎበኘው ወይ በሐምሌ ነው ወይ በጥቅምት። በሐምሌ «ባቫሪያን ብላስት» የሚሉት የሙዚቃ በዓል አለ፤ በጥቅምት ደግሞ ኦክቶበርፌስት። በእነዚያ ቀናት ከተማዋ በቆዳ ቁምጣ፣ ላባ በተሰካበት ባርኔጣና በአኮርዲዮን ትደምቃለች። እኛ የሄድነው በመጋቢት ነው። በረዶው ነጭነቱን ጨርሶ፣ ግን ገና ሳይቀልጥ፣ መንገድ ዳር ጥቁር ክምር ሆኖ በተቀመጠበት ሰሞን። ያውም በሁዳዴ ጾም አጋማሽ።

የሥራ ባልደረቦቼ «በዚህ ወቅት እዚያ ምን አለ?» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛው ተራ ነገር ነው። ሆቴሉ ርካሽ ነበር፤ ባለቤቴም ነርስ ስለሆነች፣ ተከታታይ የቅዳሜና እሁድ ፈረቃ ሠርታ ያገኘችው ነጻ ቀን ይኸው ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ምክንያት ግን ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ እናቴ በስልክ አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር።

እናቴ የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እሁድ እሁድ፣ ኔትወርክ ካለ፣ በቪዲዮ እንደዋወላለን። የሰባት ዓመት ልጄ ስልኩ ፊት ትቆማለች። አያቷ «እንደምን ሰነበትሽ የኔ ዓለም? ትምህርት እንዴት ነው? አባትሽ ያስቸግርሻል?» ትላታለች። ልጅቷ «ደህና ነኝ» ትላለች። ቀጥላ «እሺ» ትላለች። ከዚያ ቀስ እያለች ከስክሪኑ ትወጣለች። ዓመታት እንደዚህ ነው ያለፉት። በዚያ እሁድ ግን እናቴ ልጅቷ ከወጣች በኋላ ዝም ብላ ቆየችና «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ይህች ልጅ ታፍረኛለች ወይስ የምላት አይገባትም?» አለችኝ።

«ታፍራለች እማዬ፤ ልጅ አይደለች» አልኳት።

ዋሸሁ።

አሁን ከጀርመን ጋር ያለኝን ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ እያለሁ ጎተ ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ተማርኩ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ዳርምሽታት ሠራሁ። እዚያ በቆየሁባቸው ዓመታት ጀርመንኛዬ ዳቦ ቤትና የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ድረስ የሚያደርስ ሆኖ ነበር። ከዚያ ባለቤቴን ተከትዬ ወደ አሜሪካ መጣሁ፤ ሶፍትዌር እየሠራሁ መኖር ጀመርኩ፤ ጀርመንኛው ዛገ። ኒው አልም ስሄድ ያሰብኩት ይህን ነው። ልጄ አባቷ ሦስተኛ ቋንቋ ሲናገር ብታይ፣ አማርኛም እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ችሎታ ይታያት ይሆናል። ከሆነ ሰው ጋር ጀርመንኛ ላወራ፣ እሷም «አባ፣ ምን አለህ?» ልትለኝ።

ከሚኒያፖሊስ ኒው አልም ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሀይዌይ 169ን ይዘህ ወደ ደቡብ ምዕራብ ትነዳለህ። ሻኮፒን፣ ጆርዳንን፣ ቤል ፕሌንን ታልፋለህ። ሌሱየር ላይ የቆርቆሮ አትክልት ጣሳ ላይ የምናውቀው አረንጓዴ ግዙፍ ሰውዬ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ያወዛውዝልሃል። ልጄ አጸፋውን መለሰችለት። እኔ ባለቤቴን ለማስደመም ታሪክ ጀመርኩ። የአማርኛን የመጀመሪያ ሰዋስው በ1698 ያሳተመው ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ መሆኑን፣ ያስተማሩትም ከወሎ የሄዱት አባ ጎርጎርዮስ መሆናቸውን፣ በ1652 ጎታ በሚባል የጀርመን ከተማ ቁጭ ብለው የሰውዬውን ማለቂያ የሌለው ጥያቄ በትዕግሥት ሲመልሱለት እንደነበር ነገርኳት። ባለቤቴ ከስልኳ ቀና ሳትል «ታዲያ ለልጅህ አንተ ጎርጎርዮስ ሁናታ» አለችኝ።

እስከ ሴንት ፒተር ድረስ ዝም ብዬ ነዳሁ።

ሴንት ፒተር ከመግባታችን በፊት ትራቨርስ ደ ሱ የሚባል ታሪካዊ ቦታ አለ። የሚኒሶታ ወንዝ መሻገሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1851 የዳኮታ ሕዝብ አለቆች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል የተፈራረሙት እዚህ ነው። በዚያ ውል የደቡብ ሚኒሶታ መሬት አብዛኛው ከእጃቸው ወጣ፤ በወንዙ ዳርና ዳር ጠባብ መሬት ቀረላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1854፣ ከቺካጎ የመጡ ጀርመኖች እዚያው ጠባብ መሬት አጠገብ ኒው አልምን ቆረቆሩ። ቀጥለው ከሲንሲናቲ ተርነር የሚባሉ ሌሎች ጀርመኖች ተቀላቀሏቸው። ተርነሮች ጂምናስቲክ፣ ነጻ አስተሳሰብና ትምህርት ላይ ያተኮረ ማኅበር ነበራቸው፤ ከአገራቸው ብዙዎቹ የወጡት የ1848ቱ አብዮት ከከሸፈ በኋላ ነው። በእኛ አነጋገር ፖለቲካ ያሰደዳቸው ሰዎች ናቸው። ስሙን ያወጡት በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በአልም ከተማ ነው። ያችኛዋን አልም አይቻታለሁ፤ 161 ሜትር ከፍታ ያለው የቤተ ክርስቲያን ግንብ አላት፤ ለረጅም ዘመን በዓለም ረጅሙ የቤተ ክርስቲያን ግንብ እርሱ ነበር።

አዲሲቱ አልም ስንደርስ መግቢያው ላይ «ቪልኮመን» ይላል። የጀርመን ስታይል ያላቸው የጡብ ሕንጻዎች፣ የጀርመን ስም የያዙ ሱቆች፣ መንገዱ ላይ ማንም የለም። ከተማዋ 14 ሺህ ያህል ሕዝብ አላት፤ ከግማሽ የሚበልጠው ዘሩን ከጀርመን ይቆጥራል። መሃል ከተማ 14 ሜትር ግድም የሚረዝም፣ 37 ደወሎች ያሉት ግሎከንሽፒል የሚሉት ግንብ በ1980 ተሠርቶ ቆሟል። በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላል። ልክ በእኛ 6 ሰዓት ደረስን። ደወሉ ጮኸ፣ በሩ ተከፈተ፣ የከተማዋን ታሪክ የሚያሳዩ ትንንሽ አሻንጉሊቶች እየዞሩ ወጡ። በበዓል ቀን እዚህ ቦታ መቆሚያ አይገኝም ይባላል። በዚያ ቀን ተመልካቹ እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን። አሻንጉሊቶቹ ዞረው ገቡ። ልጄ «አለቀ?» አለች፣ በእንግሊዝኛ።

ምሳ ሌላ ጣጣ ነበር። የጀርመን ምግብ ቤት ገብተህ በሁዳዴ ምን ትበላለህ? ቋሊማ አይሆንም። ሽኒትዝል አይሆንም። በቅቤ የተሠራ ፓስታ አይሆንም። የኮመጠጠውን ጥቅል ጎመን አዘዝን፤ አስተናጋጇ አዝና «ውስጡ የአሳማ ሥጋ አለበት» አለችን። ድንች ጠየቅን፤ እሱም እንደዚያው። በመጨረሻ በዘይት የተጠበሰ ድንችና ያለ ቅቤ የመጣ ፕሬዝል በሰናፍጭ በላን። ልጄ ብቻ ደስ አላት፤ «1919» የሚባል ሩት ቢር ቀረበላት። ስሙ አልኮልን የከለከለው የአሜሪካ ሕግ ከጸደቀበት ዓመት የተወሰደ ነው። የሚያመርተው በ1860 የተቋቋመው የሼል ቢራ ፋብሪካ ነው፤ አሁንም በቤተሰብ እጅ ካሉት የአሜሪካ ቢራ ጠማቂዎች በእድሜ ሁለተኛው ነው ይባልለታል። ቢራ በተከለከለባቸው ዓመታት የቆየው ለስላሳና አልኮል የሌለው መጠጥ እየሠራ ነው።

አስተናጋጇ ሂሳብ ስታመጣ «ዳንከ» አለችን። ይህን ነበር ስጠብቅ የዋልኩት። ምግቡ ጥሩ እንደነበር፣ ከሚኒያፖሊስ እንደመጣን፣ እሷስ የዚሁ አገር ሰው ናት ወይ ብዬ በጀርመንኛ ጠየቅኳት። ልጅቷ ደነገጠች። ከዚያ ሳቀችና በእንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ እኔ የማውቀው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ቪልኮመንና ዳንከ» አለችኝ። ቀሚሷ የባቫሪያ ነው። የደረቷ ስም የጀርመን ነው። ቋንቋው ግን የለም። በዚያ ቤት ውስጥ ጀርመንኛ የሚችለው ብቸኛ ሰው ጎጃሜው እኔ ነበርኩ።

ባለቤቴ ከሳቋ የተነሳ ውኃ ትን አላት። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀብኝ።

ከምሳ በኋላ ወደ ኮረብታው ወጣን። ኮረብታው ላይ የሄርማን ሐውልት አለ፤ ከነመሠረቱ 31 ሜትር ይሆናል። ሄርማን፣ ሮማውያን አርሚኒየስ የሚሉት፣ በ9 ዓ.ም. ቶይቶቡርግ ጫካ ውስጥ ሦስት የሮማ ሌጌዎኖችን የደመሰሰ የጀርመን ጎሳዎች መሪ ነው። የኒው አልም ሰዎች ሐውልቱን በ1897 መረቁት። ቀኑን ሳይ ፈገግ አልኩ፤ አድዋ ላይ የእኛዎቹ የጣልያንን ጦር ካሸነፉ ገና ዓመት ተኩል ብቻ ሆኖት ነበር። እነሱ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ሮማን ያሸነፈ ሰው ሐውልት ሲያቆሙ፣ እኛ ከሮማ የመጣውን ጦር መልሰን ትንፋሻችንን እየሰበሰብን ነበር።

ሐውልቱ ውስጥ ወደ ላይ የሚወስድ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፤ የሚከፈተው ግን በበጋቸው ወራት ብቻ ነው። በሩ ተቆልፏል። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ለልጄ ታሪኩን ልነግራት ሞከርኩና አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሄርማን ራሱ በሮማ ሠራዊት ውስጥ ያገለገለ፣ የሮማ ዜግነት ያገኘ፣ ላቲን የሚናገር ሰው ነበር። በእኛ ቋንቋ ዲያስፖራ ነበር ማለት ነው። የባዕዱን ቋንቋ አቀላጥፎ የሚያውቅ፣ የራሱን ግን ያልረሳ። የራሱን ረስቶ ቢሆን ኖሮ ጎሳዎቹን በምን ቋንቋ ያስተባብራቸው ነበር?

ወደ ከተማ ወርደን ቡና ልንጠጣ ገባን። እዚያ ነው እማማን ያገኘነው። ስማቸውን አልጽፍም። ወደ ዘጠና የሚጠጉ ይመስለኛል፤ ብቻቸውን መስኮት ዳር ተቀምጠው ኬክ ይበላሉ። ልጄ የታጠፈውን ፀጉራቸውን አፍጥጣ ስታያቸው ጠሯትና ወሬ ጀመርን። ጀርመንኛ እንደምችል ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ጥቂት ዓረፍተ ነገር አወራኋቸው። ሰሙኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ «ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ትርጉሙን ግን አላውቀውም» አሉ።

አያቶቻቸው ቤት ውስጥ ጀርመንኛ ይናገሩ ነበር። ወላጆቻቸውም ይችሉ ነበር። «ታዲያ ለእርስዎ ለምን አላስተማሩዎትም?» አልኳቸው።

«ጀርመንኛ የእነሱ የምስጢር ቋንቋ ነበራ» አሉኝ። «ስለ ገንዘብ ሲያወሩ፣ ስለ ጎረቤት ሲያሙ፣ ለገና ምን እንደሚገዙልን ሲመካከሩ ነበር በጀርመንኛ የሚናገሩት። እኛ እንዳይገባን። ተሳካላቸው።» ሳቁ። ቀጥለው አባታችን ሆይን በጀርመንኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወጡት። አንድ ቃል አልሳቱም። ከዚያም እስከ ሃያ ቆጠሩ፤ አምስት ስድስት የምግብ ስም ጠሩ። «ያለኝ ይኸው ነው» አሉ።

ባለቤቴን አየኋት። እሷም አየችኝ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። የእኛም ቤት አማርኛ የምስጢር ቋንቋ ሆኗል። የቤት ብድሩን፣ ለአገር ቤት የሚላከውን ብር፣ የልደት ስጦታውን፣ ጥቃቅን ጠባችንን በአማርኛ ነው የምንነጋገረው። ለልጃችን ስንናገር ወደ እንግሊዝኛ እንዞራለን፤ ቶሎ እንዲገባት፣ ጠዋት አውቶቡስ እንዳያመልጣት፣ ደክሞን ስለገባን። እሷስ ምን አላት? አባታችን ሆይን በቃሏ ታውቃለች። እስከ ሃያ ትቆጥራለች። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ዳቦ፣ ውኃ፣ ቡና ትላለች። ልክ እንደ እማማ። ልዩነቱ እማማ እዚህ ለመድረስ ሦስት ትውልድ ፈጅቶባቸዋል፤ እኛ በአንዱ ጨርሰነዋል።

ማታ ሆቴል ውስጥ፣ ልጄ ከተኛች በኋላ፣ የከተማዋን ታሪክ ሳነብ አመሸሁ። ጀርመንኛው በራሱ ጊዜ አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ከጀርመን ጋር ጦርነት ስትገባ ሚኒሶታ የሕዝብ ደኅንነት ኮሚሽን የሚባል ከባድ ሥልጣን ያለው አካል አቋቋመች። በሐምሌ 25 ቀን 1917 ኒው አልም ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ፣ ለውትድርና የሚመለመሉ የከተማዋ ልጆች ዘመዶቻቸውን ሊወጉ ወደ አውሮፓ እንዳይላኩ መንግሥትን እንለምን የሚል ስብሰባ አደረገ። ከዚያ በኋላ ከንቲባው ሉዊስ ፍሪቼና የከተማው ዐቃቤ ሕግ አልበርት ፌንደር ከሥልጣን ተነሱ። ፌንደር ከከተማዋ መሥራቾች የአንዱ ልጅ ነበር። ኮሚሽኑ ትምህርት ቤቶች በጀርመንኛ ማስተማራቸውን እንዲያቆሙ ግፊት አደረገ። ጀርመንኛ መናገር ሰውን የሚያስጠረጥር ነገር ሆነ። በዚያ ዘመን የነበረ አባት ልጄ በእንግሊዝኛ ብቻ ይደግ ቢል አልፈርድበትም። ፈርቶ ነው።

ከእነሱ በፊት የነበሩት ደግሞ የባሰ ገጥሟቸዋል። በ1862 በጋ ለዳኮታዎች በውሉ የሚገባቸው ክፍያ ዘገየ፤ ረሃብ ጸና፤ ነሐሴ ላይ ጦርነት ተነሳ። ኒው አልም በነሐሴ 19 እና 23 ሁለት ጊዜ ተጠቃች። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አለቀ፤ ከተማዋ አብዛኛዋ ተቃጠለች፤ ነዋሪው ሸሸ። በታኅሣሥ 26 ቀን 1862 ከኒው አልም ብዙም በማይርቀው ማንኬቶ 38 ዳኮታዎች በአንድ መድረክ ላይ ተሰቀሉ፤ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የጅምላ ስቅላት ነው። በዓመቱ ዳኮታዎች በሕግ ከሚኒሶታ ተባረሩ። በኋላም ልጆቻቸው አዳሪ ትምህርት ቤት እየተወሰዱ ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ተደረጉ። ዛሬ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዳኮታኛን በኮርስ ያስተምራል፤ አንድ ቋንቋ ከእናት ጓዳ ወጥቶ ኮርስ ሲሆን ምን ያህል እንደተጎዳ ይታያችኋል። እኛ ግን ሳናውቀው በየቀኑ አንዲት የዳኮታ ቃል እንጠራለን። «ምኒ» ማለት ውኃ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ አለች፤ ሚኒያፖሊስም ውስጥ አለች።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ዳኮታዎች ቋንቋቸውን በጉልበት ተነጠቁ። ጀርመኖቹ በፍርሃት ተዉት። እኛስ? ማን ከለከለን? በ2014 ይኸው የሚኒሶታ ግዛት ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ በደንብ የሚችሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሁለት ቋንቋ ማኅተም ይሰጣቸዋል፤ ማኅተሙ በግዛቱ ኮሌጆች ክሬዲት ያስገኛል። በ1917 ቋንቋ ሲያሳድድ የነበረ ግዛት ዛሬ ቋንቋ ለያዘ ልጅ ሽልማት ይሰጣል። እኛ ግን ማንም ሳይነካን፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠን ብለን ተውነው።

አንድ ሰበብ ነበረኝ። ልጄ አራት ዓመት ሳይሞላት አንዲት መምህርት «ሁለት ቋንቋ ያምታታታል፤ ቤትም እንግሊዝኛ ብትናገሩ ይሻላል» ብላን ነበር። ቀና ሰው ነበረች፤ ግን ተሳስታለች። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ከመናገር እንደማያዘገይ ባለሙያዎች ደጋግመው ተናግረዋል። እኔ ይህን ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ምክሩን የያዝኩት ስለሚመቸኝ ነው።

ሲያትል የሚኖር ጓደኛዬ ስለዚህ ጉዞ ስነግረው «እኛም ጋ እኮ አለ» ብሎ ስለ ሌቨንዎርዝ አወራኝ። ተራሮች መሃል ያለች ከተማ ናት። ድሮ የባቡርና የእንጨት ከተማ ነበረች፤ ባቡሩ ሲሄድ ሞተች። በ1960ዎቹ ነዋሪዎቿ ተመካክረው ሕንጻዎቹን በሙሉ የባቫሪያ መንደር አስመሰሏቸው፤ ቱሪስቱ ጎረፈ። የጀርመን ዘር ስላላቸው ሳይሆን ገበያ ስለሚያመጣ ነው። እኔ ደግሞ እውነተኛዋን የጀርመን ከተማ አይቼ መጣሁ። ለሚጎበኝ ሰው ግን ሁለቱ ዛሬ አንድ ናቸው። ሁለቱም ጋ ቀሚሱ አለ፣ ቢራው አለ፣ አኮርዲዮኑ አለ፤ ቋንቋው የለም።

ይህን ስል ኒው አልሞችን መናቄ አይደለም። ደስተኛ ሰዎች ናቸው። ፋብሪካቸው ይሠራል፣ ኮሌጃቸው ያስተምራል፣ በዓላቸውን ያከብራሉ። ጀርመንኛ ስለጠፋ ሰማይ አልተደፋባቸውም። «ታዲያ ምን ቀረብህ?» ብትሉኝ ስለ ሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ አላወራም። የእኔ ልጅ አማርኛ ባትችል ኢትዮጵያ አትፈርስም፤ እሷም ጥሩ አሜሪካዊት ትሆናለች። የሚቀርብኝ አንድ ነገር ነው። ደብረ ማርቆስ ያለች አንዲት ሴት የልጅ ልጇን ሳታውቃት ታልፋለች። በቪዲዮ እያየቻት፣ ድምፅዋን እየሰማች፣ ሳታውቃት። ይህን የሚያክል ምክንያት ሌላ አላስፈለገኝም።

እሁድ ጠዋት ከመውጣታችን በፊት ለልጄ አንድ መጽሐፍ ገዛሁላት። ዋንዳ ጋግ የተባለች ደራሲ በ1893 የተወለደችው ኒው አልም ነው፤ እቤቷ ከእንግሊዝኛ በፊት ጀርመንኛ እየሰማች ያደገች ናት። በ1928 ያሳተመችው የድመቶች ተረት እስከ ዛሬ ይታተማል። አንድ ሽማግሌ ለሚስቱ አንዲት ድመት ፍለጋ ወጥቶ ተቆጥሮ የማያልቅ የድመት መንጋ ይዞ ይመለሳል። ማታ ቤታችን ስንገባ መጽሐፉን ከፈትኩና በእንግሊዝኛ ላነብላት አልኩ። ከዚያ ተውኩት። ሥዕሉን እያሳየሁ በአማርኛ አወራሁላት። በየመስመሩ አስቆመችኝ። «ኮረብታ» ምንድነው? «ተጣሉ» ምንድነው? ሃያ ደቂቃ የሚያልቀው ተረት አንድ ሰዓት ፈጀ። እሷ ሉዶልፍ ሆነች፤ እኔ በሰባት ዓመቷ ገና ጎርጎርዮስ መሆን ጀመርኩ። በማግስቱም ደገምነው፤ በሦስተኛውም ቀን።

በቀጣዩ እሁድ ደብረ ማርቆስ ደወልን። ልጄ ከመምጣቷ በፊት «እማዬ፣ ባለፈው የጠየቅሽኝ ነገር» አልኩ። «ምን?» አለች። «አታፍርሽም። የምትያት አይገባትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን ነካሁት።

«አውቄያለሁ» አለችኝ። «አንተው እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቅ። በል ስልኩን ለእሷ ስጣትና አንተ ውጣልን።»

ወጥ ቤት ገብቼ ጆሮዬን ጣልኩ። ብዙ ዝምታ ነበር። ከዚያ የልጄ ድምፅ መጣ። «እምዬ… አንድ ሽማግሌ… ድመት ፈለገ።»

«ድመት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ። ብዙ ድመት።»

«ስንት ድመት?»

ልጄ ወደ ወጥ ቤቱ ዞራ በእንግሊዝኛ «አባ፣ ሚሊዮን በአማርኛ ምንድነው?» ብላ ጮኸች። ልመልስ አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። «አንተ ዝም በል! ነይ አብረን እንቁጠራቸው። አንድ በይ።»

መቁጠር ጀመሩ። ሃያ ላይ ሲደርሱ ልጄ የምታውቀው አለቀ፤ እናቴ እየመራቻት ቀጠሉ። ሠላሳ አራት ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

መልሳ የደወለችው ልጄ ናት።